የዙፕላንክተን ፍልሰት እና የጥልቅ ውቅያኖስ ካርቦን

የዙፕላንክተን ፍልሰት በውቅያኖስና በሐይቅ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት በየቀኑ ወይም በየወቅቱ ከውሃው ገጽ ወደ ጥልቁ፣ ከጥልቁም ወደ ገጹ የሚያደርጉት ጉዞ ነው። በክብደት ከተሰላ፣ በምድር ላይ በየዕለቱ ከሚደረጉ የእንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። እንስሳቱ ከላይ የበሉትን በሆዳቸውና በሰውነታቸው ይዘው ስለሚወርዱ፣ ከአየር ወደ ባሕር የገባ ካርቦን ከእነርሱ ጋር ወደ ጥልቁ ይገባል። እዚያ የተለቀቀ ካርቦን ተመልሶ ከአየር ጋር እስኪገናኝ ድረስ እንደ ጥልቀቱና እንደ ቦታው አሥርት ዓመታት፣ አንዳንዴም ብዙ መቶ ዓመታት ይወስድበታል።

ዙፕላንክተን የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ተንከራታች እንስሳ» እንደማለት ነው፤ ከዓይን የተሰወሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትን፣ የዓሣ እጮችን፣ ጄሊ መሰል ሳልፖችን፣ ከሽሪምፕ ጋር የሚዛመዱትን ክሪሎችና ኮፔፖዶችን ሁሉ ያጠቃልላል። ከእነዚህ በቁጥር እጅግ የሚበዙት ኮፔፖዶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ርዝመት አላቸው። ስማቸው ተንከራታች ይበላቸው እንጂ የሚንከራተቱት ወደ ጎን ብቻ ነው። የባሕር ሞገድ ከቦታ ቦታ ሲወስዳቸው መቋቋም አይችሉም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን በራሳቸው ጉልበት ይዋኛሉ።

ካርቦኑ ከየት ይመጣል

በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕሩ ገጽ በኩል ወደ ውሃው ይሟሟል፤ ከውሃውም ወደ አየር ይወጣል። ፀሐይ በሚደርስበት የላይኛው ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ ደቂቅ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ይህን ጋዝ ወስደው በብርሃን አስተጻምሮ ወደ ምግብ ይለውጡታል። ከዚህ ምግብ አብዛኛው እዚያው ላይ ይበላል፤ በልቶ የተነፈሰው ፍጥረትም ካርቦኑን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ቀሪው ጥቂት ክፍል ወደ ታች ይወርዳል። ሳይንቲስቶች ይህን ወደ ታች የመውረድ ሂደት ሥነ ሕይወታዊ ፓምፕ ይሉታል። በዓመት በዚህ መንገድ ከላይኛው ውሃ የሚወጣው ካርቦን ከ5 እስከ 12 ቢሊዮን ቶን እንደሚሆን ይገመታል። ውቅያኖስ በጠቅላላው 38,000 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን በመያዙ በአየር ውስጥ ካለው ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ሥነ ሕይወታዊው ፓምፕ ባይኖር ኖሮ በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በሚሊዮን 200 ክፍል ያህል ከፍ ይል ነበር ተብሎ ይሰላል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የነበረው ጠቅላላ መጠን በሚሊዮን 280 ክፍል ገደማ ስለነበር፣ ይህ ጭማሪ ቀላል አይደለም።

የፓምፑ ትልቁ ክፍል በራሱ ክብደት የሚሰምጥ ነገር ነው፦ የሞቱ ሕዋሳት፣ የእንስሳት እዳሪ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ አመዳይ ወደ ታች የሚረግፍ ብናኝ። ችግሩ ይህ ብናኝ በጉዞው ላይ ማለቁ ነው። ባክቴሪያዎችና ሌሎች ፍጥረታት እየሰመጠ ሳለ ይበሉታል። ጆን ማርቲንና ባልደረቦቹ በ1987 ከሰላማዊ ውቅያኖስ ልኬቶች ተነሥተው ባወጡት ቀመር መሠረት፣ 100 ሜትር ላይ ከሚያልፈው የሚሰምጥ ካርቦን እስከ 1,000 ሜትር የሚዘልቀው ከሰባት አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ነው። የተቀረው በመንገድ ላይ ተፈትቶ ከላይኛው ውሃ ጋር ቶሎ በሚቀላቀል ጥልቀት ይቀራል። የሚፈልሱት እንስሳት ልዩ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ያለ እንስሳ እንደ ሊፍት ነው፤ የያዘውን በየፎቁ ሳያራግፍ ብዙ ጠላት ያለበትን ንብርብር አልፎ ይወርዳል።

የየዕለቱ ጉዞ

ፀሐይ ስትጠልቅ በብዙ መቶ ሜትሮች ጥልቀት የዋሉት እንስሳት ወደ ላይ መውጣት ይጀምራሉ። ሌሊቱን ከገጹ አጠገብ ፋይቶፕላንክተንንና እርስ በርሳቸውን ሲበሉ ያድራሉ፤ ጎሕ ሳይቀድ ተመልሰው ወደ ጨለማው ይወርዳሉ። ምክንያቱ በአመዛኙ ፍርሃት ነው። የሚበሏቸው ዓሦች የሚያድኑት በዓይናቸው ስለሆነ፣ በቀን ብርሃን ላይ የተገኘ ኮፔፖድ ዕድሜው አጭር ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ከባሕር ሳይሆን ከተራራ ሐይቆች ነው። የፖላንዱ ተመራማሪ ማቼይ ግሊቪች በ1986 ባሳተመው ጥናት የታትራ ተራሮችን ሐይቆች አነጻጽሮ፣ ዓሣ በሌለባቸው ሐይቆች የሚኖሩት ኮፔፖዶች እንደማይፈልሱ፣ ዓሣ ከገባባቸው ብዙ ዘመን በቆጠሩት ሐይቆች ደግሞ ፍልሰቱ እንደሚጠነክር አሳይቷል።

ጉዞውን የሚመራው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ደግሞ የፀሐይ ብቻ መሆን የለበትም። በአርክቲክ ክረምት ፀሐይ ለሳምንታት በማትወጣበት ጊዜ እንስሳቱ በጨረቃ መውጣትና መግባት እንደሚመሩ፣ የጉዟቸውም ዑደት ከ24 ሰዓት ወደ 24.8 ሰዓት እንደሚለወጥ በ2016 ታውቋል። ይኸውም የጨረቃ ቀን ርዝመት ነው። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን በብዛት ወደ 50 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው ይቆያሉ።

ፈረንሳዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ በ1817 ዳፍኒያ የሚባሉ ትናንሽ የሐይቅ እንስሳት ጠዋትና ማታ ወደ ገጹ እንደሚወጡ፣ በብርቱ ብርሃን ግን እንደሚወርዱ ጽፎ ነበር። በውቅያኖስ ያለው ፍልሰት ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ የታወቀው ግን በጦርነት ምክንያት ነው። በ1942 በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ የአሜሪካ የፊዚክስ ባለሙያዎች ሰርጓጅ መርከብ በድምፅ ለማግኘት በሚሠሩበት ጊዜ፣ ከባሕሩ ወለል በጣም ከፍ ብሎ ድምፅን የሚመልስ ሰፊ ንብርብር አገኙ። መሣሪያው ሐሰተኛ ወለል ያሳይ ነበር። በ1945 የስክሪፕስ ውቅያኖስ ጥናት ተቋሙ ማርቲን ጆንሰን ይህ «ወለል» ሲመሽ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ሲነጋም እንደሚወርድ አሳየ። ወለል ስለማይንቀሳቀስ፣ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሕይወት ያለው መሆን ነበረበት። ንብርብሩ የክሪሎች፣ የኮፔፖዶች፣ እነርሱን ተከትለው የሚወጡና የሚወርዱ ትናንሽ ዓሦችና ሌሎች እንስሳት ክምችት ነው።

የተወሰደው ካርቦን እንዴት ታች ይቀራል

እንስሳው ወደ ላይ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ካርቦኑንም ይዞ ይመለሳል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ታች የሚቀረው ተሸካሚው በቆይታው የሚያጣው ክፍል ነው። በመጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሳል፤ ሌሊት የበላውን እያቃጠለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥልቁ ውሃ ውስጥ ይለቃል። ከዚህ ሌላ የተሟሟ ቆሻሻ ያስወጣል፣ እዳሪ ይጥላል። በጥልቁ አድፍጠው በሚጠብቁ እንስሳት የሚበላም ብዙ ነው፤ የተበላው ደግሞ ሙሉ ሰውነቱን እዚያው ጥሎ ይቀራል።

ከእነዚህ መካከል እዳሪው ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው ያነሰ ድርሻ አለው። ኮፔፖድ የበላውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊያስወግድ ስለሚችል፣ ጉዞው ሳያልቅ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ቢሆንም ላይኛው ውሃ ላይ የተጣለ እዳሪ እንኳን ዋጋ አለው። አንዲት የፋይቶፕላንክተን ሕዋስ ብቻዋን በቀን ጥቂት ሜትር ቢበዛ ትሰምጣለች፤ በእንስሳ ሆድ ውስጥ ከብዙ ሺህ እኅቶቿ ጋር ታሽጋ እንክብል ስትሆን ግን በቀን በአሥሮችና በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ትወርዳለች። የሳልፕ እዳሪ በቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሊሰምጥ ይችላል።

ዙፕላንክተን ካርቦንን ወደ ታች በማውረድ ብቻ መሞገሳቸው ግን ግማሹን እውነት መተው ነው። የሚሰምጠውን ብናኝ መንገድ ላይ ጠብቀው የሚበሉት፣ ትልልቁን ሰባብረው የሚያዘገዩትም እነርሱው ናቸው። የአንዳንዱ ዝርያ ሥራ ፓምፑን ያግዛል፣ የሌላው ያዳክመዋል፤ ውጤቱ የሁለቱ ልዩነት ነው። በ2019 የታተመ አንድ የኮምፒውተር ሞዴል ጥናት የየዕለቱ ፍልሰት በዓለም ደረጃ ከላይኛው ውሃ የሚወጣውን ካርቦን በ14 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አስልቷል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።

የቅባት ፓምፕ

ከየዕለቱ ጉዞ ሌላ በዓመት አንዴ ብቻ የሚደረግ፣ ጥልቀቱም የሚበልጥ ፍልሰት አለ። በሰሜን አትላንቲክ ይህን በሚገባ የሚያሳየው ካላነስ ፊንማርኪከስ የሚባለው ኮፔፖድ ነው። በጸደይ ወቅት ፋይቶፕላንክተን ሲፈላ ካላነስ ያለ ዕረፍት ይበላል፤ የበላውንም በሰውነቱ መካከል ባለ ከረጢት ውስጥ የሰም ዓይነት ቅባት አድርጎ ያከማቻል። በሚገባ የጠገበ ካላነስ በማጉያ መነጽር ሲታይ ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከረጢቱም እንደ ብልቃጥ ዘይት የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ቅባት ሊሆን ይችላል። ክረምቱ ሳይገባ ከ600 እስከ 1,400 ሜትር ወደሚደርስ ጥልቀት ይወርድና ዕንቅልፍ መሰል ዕረፍት ውስጥ ይገባል። ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይበላ፣ ብዙም ሳይንቀሳቀስ፣ ቅባቱን በቀስታ እያቃጠለ ይቆያል። የካቲትና መጋቢት ግድም የተረፈውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይራባል፤ ይሞታል።

ርዝመቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ እንስሳ 1,000 ሜትር ሲወርድ ከቁመቱ 333,000 እጥፍ ተጉዟል ማለት ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በዚህ ልክ ቢሄድ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለውን የመኪና መንገድ ያህል ይጓዛል፤ ያውም ደርሶ ስድስት ወር ሊጾም።

በዴንማርክ የሚሠሩት ሲግሩን ዮናስዶቲርና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ አንድ ዝርያ ብቻውን በየካሬ ሜትሩ በዓመት ከ1 እስከ 4 ግራም ካርቦን በጥልቁ እንደሚተው አስልተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ባሕር በራሱ ክብደት ሰምጦ እዚያ ጥልቀት ከሚደርሰው ካርቦን ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ስሌቶች ይህን አላካተቱም ነበር።

የቅባት ፓምፑ ሌላ ባሕርይም አለው። የሚሰምጥ የሞተ ነገር ካርቦንን ብቻ ሳይሆን ናይትሮጅንንና ፎስፈረስን ይዞ ይወርዳል፤ እነዚህ ደግሞ የላይኛው ባሕር ማዳበሪያ ናቸው። ቅባት ግን እነዚህን አልያዘም ማለት ይቻላል። ነገሩ ከእርሻ ጋር ይመሳሰላል፦ እህል ወደ ገበያ ሲወጣ የማሳው ለምነት በከፊል አብሮ ይሄዳል፤ ቅቤ ሲወጣ ግን ፍጉ ከነለምነቱ ማሳው ላይ ይቀራል። ካላነስም ወደ ታች የሚያወርደው ቅቤውን ነው። ማዳበሪያው ላይ ስለሚቀር ፋይቶፕላንክተን እንደገና በቅለው ሌላ ካርቦን መውሰድ ይችላሉ።

በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ደቡባዊ ውቅያኖስም ተመሳሳይ ነገር ይደረጋል። በ2025 የታተመ ጥናት በዚያ የሚደረገው የወቅት ፍልሰት በዓመት 65 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ከ500 ሜትር በታች እንደሚያደርስ ገምቷል። ከዚህ 80 በመቶው የኮፔፖዶች፣ 14 በመቶው የክሪሎች፣ 6 በመቶው የሳልፖች ድርሻ ነው። ስለ ደቡባዊ ውቅያኖስ ሲወራ ዝናውን የሚወስደው ክሪል ነው። ርዝመቱ 6 ሴንቲሜትር ስለሚደርስና የዓሣ ነባሪ ምግብ ስለሆነ በቀላሉ ይታያል፤ ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ግን ዓይን የማይሞላው ኮፔፖድ ሆኖ ተገኝቷል።

ጥልቀት ብቻውን አይበቃም

ካርቦኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው የተለቀቀበት ውሃ ተመልሶ ወደ ገጹ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። በክረምት ነፋስና ቅዝቃዜ የባሕሩን የላይኛ ክፍል ስለሚያማስሉት፣ ከዚህ መማሰል በላይ የተለቀቀ ካርቦን ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል። በትልልቆቹ ውቅያኖሶች ከ1,000 ሜትር በታች የተለቀቀው ግን ብዙ ጊዜ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር ከዚህ ደንብ ይለያል። ወለሉ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ ቢኖርም፣ ጥልቅ ውሃው 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ በሌሎች ውቅያኖሶች በዚያው ጥልቀት ያለው ውሃ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በሞቃት ውሃ ውስጥ የእንስሳ ሰውነት ምግቡን በፍጥነት ያቃጥላል፤ ስለዚህ በቀይ ባሕር ጥልቅ የሚውል ፈላሽ በቅዝቃዜ ኃይሉን መቆጠብ አይችልም። ባሕሩ በደቡብ ጫፉ ጥልቀት በሌለው ደፍ ስለተዘጋና ጥልቅ ውሃው በአሥርት ዓመታት ውስጥ ስለሚታደስ፣ በብዛት የተለቀቀው ካርቦን እንደ አትላንቲክ ለረጅም ዘመን አይቀመጥም።

እንዴት ይለካል

የሚሰምጥ ብናኝ የሚለካው ከታች እንደ ገንዳ በሚንጠለጠል ማጥመጃ ነው። ማጥመጃው በሕይወት የሚዋኝን እንስሳ ካርቦን መቁጠር አይችልም። እንዲያውም እየዋኙ የገቡበትን እንስሳት ተመራማሪዎች በወረንጦ እየለቀሙ ያወጧቸዋል፤ ሰምጠው የመጡ ስላልሆኑ ልኬቱን ያበላሻሉና። አሠራሩ ትክክል ነው፤ የፈላሾቹ ድርሻ ለረጅም ጊዜ ከሂሳቡ ውጭ የቀረው ግን በከፊል በዚህ ነው። ፈላሾቹን ለማወቅ በተለያየ ጥልቀት ተራ በተራ የሚከፈቱና የሚዘጉ መረቦች ቀንና ሌሊት ይጎተታሉ፤ የድምፅ ሞገድ የሚልኩ መሣሪያዎች ንብርብሩን ይከታተላሉ፤ የተያዙት እንስሳት በመርከብ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ሆነው የሚጠቀሙት ኦክስጅን ይለካል። በ2019 ደግሞ ከሳተላይት የሚላክ የሌዘር ብርሃን በመጠቀም ማታ ማታ ወደ ላይ የሚወጡትን እንስሳት በመላው ዓለም መከታተል እንደሚቻል ታይቷል።

የአየር ንብረት ለውጥና ዓሣ ማስገር

የዙፕላንክተን ፍልሰት የሰው ልጅ የሚለቀውን ካርቦን «ያጸዳል» ተብሎ አንዳንድ ጊዜ ይጻፋል። ይህ አነጋገር ያሳስታል። ፓምፑ ሰው ከሰል ማቃጠል ከመጀመሩ በፊትም ይሠራ ነበር፤ ወደ ታች የሚያወርደውና ከጥልቁ ተመልሶ የሚወጣው ካርቦን በአመዛኙ ሚዛኑን ጠብቆ ቆይቷል። ዛሬ ውቅያኖስ ከሰው ልጅ ልቀት ሩብ ያህሉን የሚወስደው በዋናነት ጋዙ በውሃው ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። የደቡባዊ ውቅያኖስ 65 ሚሊዮን ቶንም ቢሆን፣ በዓመት 10 ቢሊዮን ቶን ከሚያህለው የነዳጅና የከሰል ካርቦን አንጻር ከ1 በመቶ በታች ነው። ሥጋቱ ያለው በተቃራኒው በኩል ነው፦ ፓምፑ ቢዳከም ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ለዘመናት ታች የኖረው ካርቦን መውጣቱን ይቀጥላል፣ የሚተካው ግን ይቀንሳል።

የመለወጥ ምልክቶች አሉ። ከ1931 ጀምሮ በንግድ መርከቦች ኋላ እየተጎተተ ፕላንክተንን በሐር ጨርቅ ላይ የሚሰበስብ መሣሪያ ባቆየው መዝገብ መሠረት፣ በሰሜን ባሕር የካላነስ ፊንማርኪከስ ብዛት ከ1960ዎቹ ወዲህ በጣም ቀንሷል። በቦታው የተተካው ሙቀት የሚወደው ዘመዱ ካላነስ ሄልጎላንዲከስ እንደዚያኛው ወደ ጥልቁ ወርዶ ክረምቱን አይተኛም። ጥልቅ ውሃው ራሱ ሲሞቅ ደግሞ የሚተኛው እንስሳ ቅባቱን ቶሎ ስለሚጨርስ ዕረፍቱ ያጥራል። ኦክስጅን ያነሰባቸው የውሃ ንብርብሮች በሚሰፉበት አካባቢም ብዙ ፈላሾች እንደ ቀድሞው ጠልቀው መዋል ያቅታቸዋል።

እነዚህ እንስሳት ለንግድም ይሰበሰባሉ። ኖርዌይ በ2019 የካላነስ ማስገርን በንግድ ደረጃ ስትፈቅድ የዓመቱን ጣሪያ 254,000 ቶን አድርጋለች፤ የሚፈለገው ያው ቅባቱ ነው፣ ለምግብ ማሟያ ዘይትና ለእርባታ ዓሦች መኖ። በአንታርክቲካ ዙሪያ በደቡብ ምዕራብ አትላንቲክ ክፍል ክሪል ለማስገር የተቀመጠው ገደብ 620,000 ቶን ነው። ሁለቱም ጣሪያዎች ሲወሰኑ እያንዳንዱ ቶን በሕይወት ቢቆይ ኖሮ ወደ ጥልቁ የሚያወርደው ካርቦን በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።